ፔንታጎን፦ ስለ ስሙ ትርጉምና አመጣጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ ጠማማው እንሄዳለን።

ፔንታጎን ማለት ምን ማለት ነው?

«ባለ አምስት ማዕዘን» ማለት ነው። ቃሉ የግሪክ ነው። ሁለት ቃላት ተጋጥመው ሠርተውታል፦ «ፔንቴ» አምስት ነው፣ «ጎኒያ» ደግሞ ማዕዘን። «ፔንቴ» ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር መጨረሻው ይለወጥና «ፔንታ» ይሆናል።

በጂኦሜትሪ ደግሞ በአምስት ቀጥታ መስመሮች የታጠረ ጠፍጣፋ ቅርጽ ሁሉ ፔንታጎን ነው። አምስት ጎን አለው፣ አምስት ማዕዘን አለው። ስሙ የሚቆጥረው ግን አንደኛውን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ይነግረናል።

መጨረሻው ላይ ያለው «ጎን» የእኛው «ጎን» ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ካልሆነ ማንም ሊጠይቀው አይችልምና። ነገሩ እውነትም ያሳስታል። ፔንታጎን አምስት ጎን አለው፣ ሄክሳጎን ስድስት ጎን፣ ኦክታጎን ስምንት ጎን። ስሙም ራሱ «ጎን» ብሎ ያልቃል። ጆሮ ይህን ሰምቶ «በቃ፣ የኛው ጎን ነው» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለዓመታት እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

ግን የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው። የግሪኩ «ጎኒያ» ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ጥግ ነው፤ ማዕዘን። ለጎን ግሪኮች ሌላ ቃል ነበራቸው፦ «ፕሌውራ»። የሚገርመው ከእኛው «ጎን» ጋር በትርጉም የሚመሳሰለው ይኼኛው ነው። እኛ «ጎኔን ወጋኝ» ስንል የሰውነታችንን ጎን ማለታችን እንደሆነው ሁሉ፣ «ፕሌውራ»ም የቅርጽ ጎን ብቻ ሳይሆን የሰው ጎንና ጎድን ነው። ሐኪሞች ሳንባን የሚሸፍነውን ስስ ልባስ ዛሬም «ፕሉራ» የሚሉት ከዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ በድምፅ የሚመስለን ቃል በትርጉም ሌላ ሆነ፣ በትርጉም የሚመስለን ደግሞ በድምፅ ሌላ።

ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው «ዲያጎናል» የሚለውን ቃል ያስብ። «ዲያ» አቋርጦ ማለት ነው፣ «ጎኒያ» ማዕዘን። ዲያጎናል ከአንድ ማዕዘን ተነስቶ፣ ቅርጹን አቋርጦ፣ ሌላ ማዕዘን ላይ ያርፋል። እዚህ ቃል ውስጥ «ጎን»ን በእኛ ትርጉም ብናስገባው ነገሩ ይበላሻል፤ ዲያጎናል ጎን ላይ አይደለምና የሚያርፈው።

በአማርኛስ ምን ይባላል?

በሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ፖሊጎን፣ ማለትም በቀጥታ መስመሮች የታጠረ ጠፍጣፋ ቅርጽ ሁሉ፣ «ጎነ ብዙ» ይባላል። ከዚያ «ጎነ ሦስት»፣ «ጎነ አራት» እያለ ይቀጥላል፤ ፔንታጎን «ጎነ አምስት» ይሆናል። በንግግር ደግሞ «ባለ አምስት ጎን» ወይም «ባለ አምስት ማዕዘን» ብንል ማንም ይረዳናል።

እኔ «ጎነ አምስት»ን አስበልጣለሁ። አሠራሩ አማርኛ ከግዕዝ የወረሰው ነው። ልቡ የሞላውን «ልበ ሙሉ» እንለዋለን፣ እጁ የተሰበረውን «እጀ ሰባራ»፣ ዐይኑ የማያየውን «ዐይነ ስውር»። ጎኑ የበዛው «ጎነ ብዙ» ሲባል ያው መንገድ ነው። አጭር ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ታዲያ ግሪኩ ማዕዘን ሲቆጥር አማርኛው ለምን ጎን ይቆጥራል?

ሁለቱም መንገድ ትክክል ስለሆነ ነው። የተዘጋ ቅርጽ የጎኖቹና የማዕዘኖቹ ቁጥር ምንጊዜም እኩል ነው፤ በአንዱ ብትሰይሙት በሌላው ብትሰይሙት ቁጥሩ አይለወጥም። አማርኛ ራሱም ወጥ አይደለም። ትምህርት ቤት «ጎነ ሦስት» የተባለውን ቅርጽ ከትምህርት ቤት ውጪ «ሦስት ማዕዘን» ነው የምንለው። «አራት ማዕዘን» የሚለውንም ማንም ያውቀዋል። አንዱ ጎን ይቆጥራል፣ ሌላው ማዕዘን።

እንግሊዝኛም ቢሆን የተለየ አይደለም። «ትራያንግል» ከላቲን የመጣ ሲሆን ማዕዘን ይቆጥራል። ቀጥሎ ያለው «ኳድሪላተራል»ም ከላቲን ነው፣ ግን ጎን ይቆጥራል፤ «ላቱስ» በላቲን ጎን ነውና። ከዚያ «ፔንታጎን» ሲደርስ ወደ ግሪክ ይዞርና እንደገና ማዕዘን ይቆጥራል። በሦስት ተከታታይ ቅርጾች ውስጥ ሁለት ቋንቋና ሁለት አቆጣጠር። የጥንቶቹ ግሪኮችም ሁለቱንም ይጠቀሙ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 አካባቢ የኖረው ዩክሊድ በጂኦሜትሪ ድርሳኑ መጀመሪያ ላይ ቅርጾችን ሲከፋፍል በ«ፕሌውራ»፣ ማለትም በጎን ነው የሰየማቸው፦ ባለ ሦስት ጎን፣ ባለ አራት ጎን፣ ባለ ብዙ ጎን። በአራተኛው ክፍል ባለ አምስቱን ቅርጽ በክብ ውስጥ መሥራት ሲያስተምር ግን ቅርጹን «ፔንታጎኖን» ይለዋል።

ፔንታጎን ሲባል ሁሉም ጎኖቹ እኩል መሆን አለባቸው?

የለባቸውም። ስሙ ስለ እኩልነት ምንም አይልም፤ የሚለው «አምስት» ብቻ ነው። ሕፃናት ቤት ሲስሉ አራት ማዕዘን ሠርተው ላዩ ላይ የጣሪያ ሦስት ማዕዘን ያስቀምጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር አጥፉት፤ የቀረው ፔንታጎን ነው። በአእምሯችን ቶሎ የሚመጣው እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ዓይነት ስለሆነ ነው ይህኛውን የምንረሳው። የየትኛውም ፔንታጎን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር 540 ዲግሪ ነው፤ ሁሉም እኩል ሲሆኑ እያንዳንዱ 108 ዲግሪ ይደርሰዋል።

እዚሁ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ብቻ ማዕዘኖቹም እኩል አይሆኑም። ያንኑ የሕፃናት ቤት በካሬና ጎኖቹ እኩል በሆኑ ሦስት ማዕዘን ሥሩት። አምስቱም ውጫዊ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። ማዕዘኖቹ ግን ከታች ሁለቱ 90፣ በጣሪያው መነሻ ግራና ቀኝ 150፣ ጫፉ ላይ 60 ናቸው። ደምሩት፤ 540 ይመጣል።

የአሜሪካ ጦር ዋና መሥሪያ ቤት ለምን ፔንታጎን ተባለ?

በቅርጹ ነው። ዜና ላይ «ፔንታጎን አስታወቀ» ሲባል የምንሰማው የሕንፃው ስም ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መጠሪያ ሆኖ የቀረው ከጊዜ በኋላ ነው። ሕንፃው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወንዝ ማዶ ይገኛል። ሥራው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 11 ቀን 1941 ተጀመረ፤ በጃንዋሪ 1943 ተጠናቀቀ። አምስት ጎን፣ ከመሬት በላይ አምስት ፎቅ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ አምስት ቀለበቶች አሉት። እያንዳንዱ ውጫዊ ግድግዳ 281 ሜትር ገደማ ይረዝማል።

አምስት ጎን የሆነበት ምክንያት ምሥጢርም ምልክትም አይደለም። መጀመሪያ የተመረጠው መሬት አርሊንግተን ፋርምስ ይባል ነበር፤ ዙሪያውን ያሉት መንገዶች ቦታውን አምስት ጎን አድርገውት ስለነበር ንድፉ የመሬቱን ቅርጽ ተከተለ። በኋላ ሕንፃው ከአርሊንግተን መካነ መቃብር ወደ ዋና ከተማው ያለውን እይታ ይጋርዳል የሚል ተቃውሞ ተነሳና ቦታው ተቀየረ። አዲሱ ቦታ አምስት ጎን እንዲኖረው የሚያስገድድ ነገር አልነበረውም። ግን ንድፉ ገፍቶ ሄዶ ነበር፣ ጊዜውም የጦርነት ጊዜ ነበር፤ ቅርጹ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያው ንድፍ እኩል ያልሆኑ ጎኖች ነበሩት፤ አዲሱ ቦታ ላይ ነው ጎኖቹ እኩል የሆኑት።

«ፔንታ» የሚለው ሌላ የት ይገኛል?

ብዙ ቦታ። አምስት ውድድሮችን የያዘው ስፖርት ፔንታትሎን ይባላል። የኦሪት አምስቱ መጻሕፍት በግሪክ «ፔንታቴውኮስ» ይባላሉ። ለእኛ ጆሮ ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ጰንጠቆስጤ» ነው። «ፔንቴኮስቴ» በግሪክ «ሃምሳኛ» ማለት ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሃምሳኛው ቀን። በየዕለቱ ንግግር የምንሰማው «ጴንጤ» የሚለው ቃልም ከዚሁ የተቆረጠ ነው። እናም «ጴንጤ» እና «ፔንታጎን» በሥራቸው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ውስጥ የግሪኩ አምስት ተቀምጧል።

ከግሪክ ውጪም ዘመድ አለው። በፋርስ አምስት «ፓንጅ» ነው፤ በሕንድና በፓኪስታን ያለው አካባቢ ስም «ፓንጃብ» «አምስት ውኃዎች» ማለት ነው። የሳንስክሪቱ «ፓንቻ»፣ የላቲኑ «ኲንኴ»፣ የእንግሊዝኛው «ፋይቭ» ሳይቀሩ ከአንድ ጥንታዊ ቃል የወጡ ናቸው። የእኛ «አምስት» ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። የእሱ ዘመዶች የግዕዙ «ኀምስቱ»፣ የዐረብኛው «ኸምሳ» እና የዕብራይስጡ «ሐሜሽ» ናቸው።

ለምን «ፔንታጎን» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «ጴንጣጎን» አይባልም?

ፊደሉ ቃሉ በየትኛው ዘመንና በየትኛው መንገድ እንደመጣ ስለሚናገር ነው። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ጊዜ የገቡ ቃላት የራሳቸው ልማድ አላቸው። የግሪኩ «ፒ» «ጰ» ይሆናል፣ «ታው» «ጠ» ይሆናል፣ «ካፓ» «ቀ» ይሆናል። ጴጥሮስን እዩት። ማርቆስን እዩት። «ጰንጠቆስጤ» ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ቃል ይዟል።

ፔንታጎን በዚያ በር አልገባም። ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ አለፈ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ይገኛል። ወደ እኛ የደረሰው በዘመናዊ ትምህርት በኩል ነው። ስለዚህ እንደ «ፖለቲካ» እና «ፖሊስ» በ«ፐ» ተጻፈ። እነዚህም ሁለቱ ሥራቸው ግሪክ ነው፤ የመጡት ግን በአውሮፓ ዞረው ነው። ፊደል በማየት ብቻ የአንድን ቃል የጉዞ መንገድ መገመት መቻል በጣም ደስ ይለኛል።

«ጎኒያ» ራሱ ከየት መጣ?

የግሪክ ቋንቋ አጥኚዎች «ጎኑ» ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል፤ «ጎኑ» ጉልበት ነው። ቁጭ ብላችሁ ጉልበታችሁን እጠፉት። ጭንና ቅልጥም ሁለት መስመር፣ ጉልበት መገናኛቸው። ማዕዘን ማለት ይኼው ነው፤ መስመር የሚታጠፍበት ቦታ። ላቲን ጉልበትን «ጌኑ» ይላል፤ የእንግሊዝኛው «ኒ»ም የዚሁ ዘመድ ነው።

ከዚሁ ሥር ትሪጎኖሜትሪም ወጥቷል። «ትሪጎኖን» ሦስት ማዕዘን፣ «ሜትሮን» መለኪያ። ባለ ሦስቱ ቅርጽ የግሪክ ስም በዕለት ቋንቋ በላቲኑ ተተክቶ ቢጠፋም እዚህ ቃል ውስጥ ቀርቷል። ተማሪ «ትሪጎ» ሲል ሳያውቀው የሦስት ማዕዘንን የግሪክ ስም እየጠራ ነው።

የሌሎቹ ስሞችስ በዚሁ ሕግ ነው የሚሄዱት?

አዎ፣ ከፊት ያለውን ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ሄክሳ 6፣ ሄፕታ 7፣ ኦክታ 8፣ ዴካ 10፣ ዶዴካ 12። ፖሊ ደግሞ «ብዙ»።

የሚያደናግረው ባለ ዘጠኙ ነው። ብዙ ጊዜ «ኖናጎን» ይባላል፤ «ኖና» ግን ላቲን ነው። ከግሪክ ጋር የሚስማማው «ኤኒያጎን» ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ለሰባቱም «ሴፕታጎን» የሚሉ አሉ፤ የቃሉን ንጽሕና የሚወድ «ሄፕታጎን» ይበል።

ፔንታጎንና ፔንታግራም አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ ግን አንዱ ከሌላው ይወለዳል። በፔንታግራም ውስጥ ያለው ሁለተኛ ቃል «ግራሜ» ነው፤ መስመር። አምስት መስመር ማለት ነው። እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ፔንታጎን ሥሩና አምስቱንም ዲያጎናሎች አስምሩ። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። በኮከቡ መሀል ደግሞ የተገለበጠ ትንሽ ፔንታጎን ይታያል፤ በዚያም ውስጥ ዲያጎናል ቢሰመር ሌላ ኮከብ፣ እያለ ማለቂያ የለውም። የዲያጎናሉ ርዝመት ለጎኑ ሲካፈል 1.618 ገደማ ይመጣል፤ ወርቃማው ምጥጥን የሚባለው ቁጥር። የፓይታጎረስ ተከታዮች ይህን ኮከብ መለያቸው አድርገውት ነበር።

ኮምፓስና ማስመሪያ የሌለው ሰው በወረቀት ይሥራው። ረዘም ያለና ወርዱ እኩል የሆነ ቀጭን ወረቀት ቁረጡ። እንደ ገመድ አንዴ ቋጥሩት። ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ ሳይጨማደድ ሲጠብቅ በጣታችሁ ጠፍጠፍ አድርጉት። ቋጠሮው ራሱ ፔንታጎን ሆኖ ይቀመጣል። ከሁለቱ ትርፍ ጫፎች አንዱን በቋጠሮው ላይ መልሳችሁ እጠፉና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ኮከቡ በወረቀቱ ውስጥ ይታያል።

ኳስ ላይ ያሉት ጥቁሮቹ ፔንታጎን ናቸው? «ፔንታሄድሮን»ስ?

ጥቁሮቹ አዎ። በ1970ው የዓለም ዋንጫ የታወቀው ጥቁርና ነጭ ኳስ 32 ቁራጭ አለው፤ 12 ጥቁር ፔንታጎን፣ 20 ነጭ ሄክሳጎን። በትክክል ለመናገር ኳሱ ሲነፋ ቁራጮቹ ስለሚጎብጡ ጠፍጣፋ አይደሉም።

«ፔንታሄድሮን» ግን ሌላ ነገር ነው። «ሄድራ» በግሪክ መቀመጫ ነው፤ በጂኦሜትሪ ቅርጹ የሚቀመጥበት ገጽ። ፔንታሄድሮን አምስት ገጽ ያለው ጠጣር ነው፤ ለምሳሌ መሠረቱ አራት ማዕዘን የሆነ ፒራሚድ። አንድም ፔንታጎን የለበትም። በተቃራኒው 12 ፔንታጎኖች ተገጣጥመው የሚሠሩት ጠጣር ዶዴካሄድሮን ይባላል፤ በስሙ ውስጥ አምስት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ መጨረሻውን ሳያዩ «ፔንታ»ን ብቻ ይዞ መሮጥ ያሳስታል።

«ብዙ» የሚጀምረው ከስንት ነው? ሦስት ማዕዘን ጎነ ብዙ ነው?

ዛሬ በሒሳብ ከሦስት ጀምሮ ሁሉም ጎነ ብዙ ነው፤ ከሦስት ባነሱ ቀጥታ መስመሮች ምንም ቦታ ማጠር ስለማይቻል። ለዩክሊድ ግን እንዲህ አልነበረም። ሦስቱንና አራቱን በስማቸው ለየና «ብዙ ጎን» የሚለውን ከአራት በላይ ለሆኑት ሰጠ። በእሱ አቆጣጠር የመጀመሪያው ጎነ ብዙ ፔንታጎን ነበር።

ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ፔንታጎን ነው?

ዐይን አምስት ጫፍ ስለሚያይ «አዎ» ማለት ይቀላል። የኮከቡን ዙሪያ ብቻ በእርሳስ ተከተሉ፣ በየታጠፋችሁበት ቁጠሩ። አምስት ጊዜ ወደ ውጪ በሾለው ጫፍ ላይ፣ አምስት ጊዜ ደግሞ ወደ ውስጥ በገባው ጥግ ላይ ትታጠፋላችሁ። አሥር ጎን፣ አሥር ማዕዘን። በስም ደንቡ መሠረት የኮከብ ዙሪያ ዴካጎን ነው።

ሰው የሚሸወደው ወደ ውስጥ የገቡትን ማዕዘን ብሎ ባለመቁጠሩ ነው። እነሱ ግን ከሁሉም የሰፉ ናቸው። እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ካለው ፔንታጎን ዲያጎናሎች በወጣ ኮከብ የሾለው ጫፍ 36 ዲግሪ ሲሆን፣ ወደ ውስጥ የገባው ከውስጥ በኩል ሲለካ 252 ዲግሪ ነው። አምስት ጊዜ 36 እና አምስት ጊዜ 252 ሲደመር 1440 ይሆናል፤ ለማንኛውም ባለ አሥር ጎን ቅርጽ የሚወጣው ድምር ነው።